ነፋስ ያቆየው ባል

ያቺን የወደብ ከተማ ያቆማት ነፋስ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከኋላዋ ግድግዳ የመሰለ ተራራ አለ፤ ተራራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተሰንጥቆ ሸለቆ ሠርቷል፤ ከደጋው ሰም፣ ቆዳና ሙጫ የጫኑ በቅሎዎች የሚወርዱት በዚያ ብቻ ነው። ከፊቷ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ የተሰለፈ ቋጥኝ ማዕበሉን ይሰብርላታል፤ ከቋጥኙ ወዲህ ውሃው እንደ ኩሬ ጸጥ ይላል፣ ባለ ሸራ መርከቦች ያለ ሐሳብ ያድሩበታል። ነፋሱ ግማሹን ዓመት ከባሕር ማዶ ወደዚህ ይነፍሳል፤ ግማሹን ዓመት ዞሮ ከዚህ ወደ ማዶ ይነፍሳል። ስለዚህ ከማዶ የመጣ ነጋዴ ዕቃውን በሳምንት ሸጦ ቢጨርስም በሳምንት መመለስ አይችልም። ነፋሱ እስኪዞር ይቀመጣል። ሲቀመጥ ቤት ይከራያል፣ የተቀደደ ሸራውን ያሰፋል፣ የተበጠሰ ገመዱን ያስገምዳል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ያገባል። የከተማዋ ሰው ግማሹ የሚኖረው በዚህ መጠበቅ ነበር።

እትዬ መርፌ ያሏት ሸራ ሰፊ ከነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። ሙያውን ከእናቷ ነው የወረሰችው፤ ቤቱንም እንዲሁ። ምድር ቤቱ ምሰሶ የሌለው ረጅም ክፍል ነበር፤ ትልልቆቹ ሸራዎች የሚዘረጉት እዚያ ነው። እንዳይቆሽሽ በባዶ እግሯ ሸራው ላይ እየሄደች ቀዳዳውን ትፈልጋለች፣ ስታገኘው እዚያው ትቀመጣለች። መዳፏ ላይ የቆዳ ቁራጭ ታስራለች፤ ወፍራሙ መርፌ የሚገፋው በዚያ ነው። ክሩን ውሃ እንዳያበሰብሰው በሰም ድቡልቡል ላይ ትጎትተዋለች፤ በተጎተተ ቁጥር ሲጥ ይላል። እናቷ ከሞተች በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ ይኸው ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል አለ። በአንዱ ትተኛለች፤ ሌላውን ዘግታዋለች።

አንድ ቀን አንድ ነጋዴ የተጠቀለለ ሸራ በሁለት ተሸካሚ አስይዞ መጣ። ገና ከደጃፉ ሳያልፍ አስነጠሳት።

"ይማርሽ" አላት።

"ያኑርህ። ምንድን ነው የተቀባኸው?"

"ምንም አልተቀባሁም። ቅርንፉድ ነው የምነግደው፤ ሽታው አልለቅ ብሎኝ ነው።" ሸራውን አስዘረጋና ቀዳዳውን አሳያት። "ስንት ቀን ይፈጅብሻል?"

"ምን አስቸኮለህ? ነፋሱ የሚዞረው ገና ነው። ሸራህን ዛሬ ብጨርሰውስ ወዴት ልትሄድበት ነው?"

ሰውየው ሳቀ። "እውነትሽን ነው። ከልማድ ነው የጠየቅሁት።"

በማግስቱ ሥራውን ሊያይ መጣ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። ሸራው ተሰፍቶ ተጠቅልሎ ጥግ ከተቀመጠ በኋላም ሊያይ መምጣቱን አልተወም። ሰፈሩ "ቅርንፉድ ዛሬም ሸራ ሊያይ መጣ" እያለ ይስቅ ጀመር፤ ስሙም በዚያው ቅርንፉድ ሆኖ ቀረ። ደግ ሰው ነበር። በወጉ ይናገራል፣ ሲያዳምጥ ጺሙን ይይዛል፣ በአንድ እግሩ ትንሽ ያነክሳል። የዘጋችውን ክፍል ተከራየ። ከዚያ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አስቁሟት እንዲህ አላት፤

"ላገባሽ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ከማዶ ሚስት አለችኝ፣ ልጆችም አሉኝ። ኋላ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው። ነፋሱ ሲዞር እሄዳለሁ፣ ሲመለስ እመለሳለሁ።"

እሷም መልሱን ለነገ አለችውና ጎረቤቷ ዘንድ ሄደች። ጎረቤቷ ገመድ ገማጅ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእናቷ ሞት ወዲህ አባቷም አማካሪዋም እሳቸው ነበሩ። ገመዱን በመንገዱ ርዝመት ዘርግተው ወደ ኋላ እየተራመዱ ይገምዳሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ወደ ኋላ እንደሄዱ ነው እያሉ በራሳቸው ይቀልዳሉ።

"አባባ፣ ግማሽ ባል ልያዝ እንዴ?" አለቻቸው።

"ልጄ፣ ሙሉ ባል አለን የሚሉትን ጠይቂያቸው እስቲ" አሉ ገመዱን ሳይለቁ። "እነሱም ቤት ውስጥ የሚያገኙት ግማሹን ነው። ያንቺው ቢያንስ መቼ እንደሚመጣ ይታወቃል።"

አገባችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ረጅም ነው፤ ሲወራ ግን አጭር ነው። ነፋሱ ከባሕር ሲነፍስ ቅርንፉድ ይመጣል። በጠዋት ወደ ገበያ ይወርዳል፣ ሰሙን እያሸተተ፣ ቆዳውን እያገላበጠ ይገዛል፤ ከሰዓት በኋላ ምድር ቤቱ ጥግ ተቀምጦ እሷ ስትሰፋ እሱ ስለ ሰዎች ያወራላታል። ክሩን እሱ በሰም ይጎትትላታል። አንዳንድ ቀን ምንም አይነጋገሩም። የሚያስቸኩል ነገር ስለሌለ ነገራቸው ሁሉ ቀስ ያለ ነበር፤ ሲጣሉ እንኳ ቀስ ብለው ነበር የሚጣሉት፣ ሲታረቁም እንዲሁ። ልጅ አልወለዱም። መጀመሪያ መጀመሪያ አዘነች፤ ኋላ አንስታ አልተናገረችም፣ እሱም አላነሳባትም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የምድጃው ጭስ በሌላኛው መስኮት ይወጣል፤ ነፋሱ ዞሯል። ሁለቱም ያዩታል፤ ሁለቱም እንዳላዩ ይሆናሉ። ሌሎቹ መርከቦች ወዲያው ሲወጡ ቅርንፉድ ግን አንዴ ምሰሶው ላላ፣ አንዴ ውሃ መያዣው አንጠባጠበ እያለ ከመጨረሻዎቹ ጋር ነበር የሚሄደው። እሱ ሲሄድ ከተማው እንደተበተነ ገበያ ይሆናል። ማደሪያዎቹ ይዘጋሉ፤ በመንገዱ ላይ የራስን ጫማ ድምፅ መስማት ይቻላል። ያን ግማሽ ዓመት እትዬ መርፌ ቆማ ከምጣዱ ላይ ትበላ ነበር። ለአንድ ሰው ገበታ መዘርጋት አድካሚ ነው ትላለች። ሰው ሳታናግር ውላ ማታ ድምፅዋ እንዳለ ለማረጋገጥ ጉሮሮዋን ትጠራርግ ነበር። ግን ብቸኝነቱ ልክ ነበረው። ነፋሱ እንደሚመለስ ታውቃለች፤ ነፋሱ ከተመለሰ እሱን ማን ያስቀረዋል?

ጸጉሯ መሸበት በጀመረበት ዘመን ነው የመጀመሪያው ባለ ጭስ መርከብ ከአድማስ ብቅ ያለው። የመጣው ነፋሱ ወደ ማዶ በሚነፍስበት ወቅት ነው፤ ነፋሱን ሽቅብ እየገፋ። ከተማው ሁሉ ባሕር ዳር ወጣ። መርከቡ ከቋጥኙ ወዲህ ለመግባት ጥልቀት አላገኘም፤ ከውጭ ቆሞ አንዴ ጮኸ፣ ዕቃውን በጀልባ አራገፈ፣ ሄደ።

"ሸራ የለውም" አለች እትዬ መርፌ።

ገማጁ ሽማግሌ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ አድርገው አዩት። "ገመዱም ሰንሰለት ነው" አሉ። ተመልሰውም ገመዳቸውን ያዙ።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በዚያው በባዶው ወራት፣ ቆማ ከምጣዱ ላይ ዓሣ ስትበላ ደረጃው ሲረገጥ ሰማች። አንዱ እግር ይጫናል፣ አንዱ ይጎተታል። እጇ ላይ ያለውን ዓሣ ጣለችው።

"ጉድ በዪ!" አለ ቅርንፉድ ከበሩ ላይ። "ነፋሱን እየገፋሁ መጣሁ! ከማዶ በተነሣሁ በሁለተኛው ሳምንት እዚህ ነኝ። ያችን አሮጌ ጀልባዬን ሸጬ በባለ ጭሱ መጫን ጀምሬያለሁ።"

አለቀሰች፣ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ገበታ ዘረጋች። እንግዲህ ባሏ ሙሉ ሊሆንላት ነው፤ በጋ ክረምት፣ በፈለገው ጊዜ ሊመጣ ነው። ሲበላ ፊቱን እያየች፣ ጺሙ ውስጥ ያልነበረ ነጭ እየቆጠረች፣ ምን ምን እንደምትሠራለት ታወራለት ጀመር። የፎቁን መስኮት ታስለውጣለች። ከወዲያኛው ሳምንት ደግሞ...

"ነገ ከሰዓት እኮ ነው የምንወጣው" አላት።

የሚቀልድ መሰላት። "ማነው የሚያወጣህ? ነፋሱ?"

"መርከቡ ነዋ። ባለ ጭስ አይጠብቅም። ቆሞም እሳቱ ይነዳል፤ የከሰሉ ጌታ ያብዳል። እመለሳለሁ፣ አይዞሽ። አሁን እኮ መመለስ ቀላል ነው።"

ቀላል ነበር፤ እውነቱን ነው። ተመለሰ። ሁለት ሌሊት አደረ። ከዚያ ወዲያ አንድ ሌሊት። ከዚያ ምሳ በልቶ ሄደ፤ ምሳውንም ግማሹን ቆሞ ነው የበላው፤ መርከቡ ሲጮህ ቁራሹን እንደያዘ ሮጠ። ቀጥሎ ራሱ ቀርቶ ከወኪሉ ጋር አንድ ከረጢት ቅርንፉድ ላከላት። ከረጢቱን አልፈታችውም። ዘግታው በነበረው ክፍል ውስጥ አስቀመጠችው፤ ቤቱ ግን እሱ እንዳለ ሁሉ ሸተተ፣ እሱም ባሰባት።

ከተማዋም እየተለወጠች ሄደች። ቋጥኙ ትንንሾቹን መርከቦች እንዳልጠበቀ ትልልቆቹን አላስገባ አለ። ከዚያ የአንድ ቀን መንገድ ርቆ ከዚህ በፊት ማንም የማይፈልገው ባሕረ ሰላጤ ነበር፤ ውሃው ጥልቅ ነው፣ ነፋስ ግን ይመታዋል፤ ለባለ ሸራ መቃብር ነው ይባል ነበር። ባለ ጭሶቹ ነፋሱን ከምንም አልቆጠሩትም። እዚያ የመርከብ መቆሚያ መድረክ ተሠራ፣ የከሰል መጋዘን ተሠራ። ከደጋው የሚወርዱት በቅሎዎች ከሸለቆው አፍ ሲደርሱ ወደ ከተማዋ መምጣታቸውን ትተው ወደ ጥልቁ ወደብ ይታጠፉ ጀመር። እትዬ መርፌ የምትሰፋው የዓሣ አጥማጆች ሸራ ብቻ ሆነ፤ እሱም የአልጋ ልብስ ያህላል።

ቅርንፉድ ከመጣ ዓመት አለፈው። አንድ ጠዋት ጓዟን ቋጠረች።

"ወዴት ነው ልጄ?" አሉ ሽማግሌው።

"ባሌን ላየው።"

"አይተሽውስ?"

"እሱን ሳየው አስብበታለሁ።"

"ጣውንትሽ አለች እኮ።"

"ትኑራ! ዘመኑን ሁሉ ስትወስድብኝ ኖራለች። አሁን ደግሞ ጠቅላላውን ወሰደችው።"

ሽማግሌው የጓዟን ገመድ ፈትተው በራሳቸው ቋጠሮ እንደገና አሰሩላት። "እንዲህ ካልታሰረ ይፈታል" አሉ።

በባለ ጭሱ ላይ ከጆንያ መሃል ተቀምጣ ተጓዘች። ነፋሱ ከፊት ለፊት ነበር። ፊቷን ሰጠችው። ይህ ነፋስ ሲነፍስ ዕድሜዋን ሙሉ ልቧ ያርፍ ነበር፤ ነፋሱ እስካለ ድረስ ባሏ ከቤቷ አይወጣም። አሁን መርከቡ ነፋሱን እንደ ቅቤ እየቆረጠ ይሄዳል፤ ሰዎቹም ካርታ ይጫወታሉ፣ ይነፍስ አይነፍስ ማንም ልብ ብሎ አላየውም። ተነሥታ "ተው እንጂ" ልትላቸው ዳዳት፤ ምኑን እንደሆነ ግን አላወቀችውም።

የማዶው ከተማ ትልቅ ነበር። የባሏን ቋንቋ ከዓመታት ጭውውት ብዛት ታውቀዋለች። ቅርንፉድ የሚባለውን ነጋዴ ብላ ጠየቀች። ሰዉ ሳቀባት።

"እዚህ እኮ ቅርንፉድ የማይሸጥ የለም፣ እናቴ። የትኛውን ነው?"

"ጺሙን የሚይዝ። በአንድ እግሩ የሚያነክስ።"

"አ! ባለ ሰሙን ነው እንዴ? አጠገቡ ሲያልፉ ሰም ሰም የሚለው?"

መንገዱን አሳዩዋት። ስትሄድ እየደጋገመች ባለ ሰሙ፣ ባለ ሰሙ ትላለች። እሷ ዘንድ ማዶን ማዶን ሲሸት የኖረው ሰው ለካ እዚህ እሷን እሷን ሲሸት ኖሯል። ይህን ስታስብ ለመጣላት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

በሩን የከፈተችላት አንዲት ትልቅ ሴት ናት፤ ከእሷ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አንዱ ዓይኗ ሞራ ለብሷል። የቤቱ መተላለፊያ ረጅም ነው፤ ግራና ቀኝ የተዘጉ በሮች አሉ።

"እንደምን ዋሉ" አለች እትዬ መርፌ። "ነጋዴውን ፈልጌ ነበር። ባለ ሰሙን።"

"የለም።"

"የት ሄዶ ይሆን?"

ሴትዮዋ በደህናው ዓይኗ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። እጇ ላይ ዓይኗ ቆመ፤ የቆዳው ቁራጭ የሚታሰርበት መዳፏ እንደ ቀንድ ጠጥሯል።

"የሸራዋ ሴት ነሽ" አለች።

"አዎ።"

"እና እኔን ነው የምትጠይቂኝ? እኔማ አንቺ ዘንድ ያለ መስሎኝ ነበር!"

እትዬ መርፌ ጓዟን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው፤ ከእጇ የወደቀ ያህል ነበር። "እኔ ደግሞ እርስዎ ዘንድ መስሎኝ፤ ዓመት አለፈኝ ካየሁት።"

"እኔ ከትናንት በስቲያ አየሁት" አለች ጣውንቷ። "ልብሱን ለውጦ ወጣ። ከዚያ በፊት ባለፈው ወር፤ ያን ጊዜም ልብሱን ለውጦ ወጣ። አጣቢው አድርጎኛል።" ለአፍታ ተያዩ። ከዚያ ጣውንቷ መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ቀጥሎ በሙሉ ሆዷ ሳቀች፤ ስትስቅ እንባ መጣባት፤ በደህናው ዓይኗም በሌላውም። "ግቢ እንጂ! ደጅ ላይ አታዋርጂኝ። ጣውንቷ መጥታ ደጅ አደረች ሊሉኝ ነው?"

አብረው በሉ። ቤቱ ሰፊ ነው፤ ልጆቹ በየፊናቸው ሄደዋል፤ የመጨረሻው በባለ ጭስ ላይ እሳት ውስጥ ከሰል የሚጥል ሠራተኛ ሆኗል፤ እናቱን የሚያያት ወደቡን ሲረግጥ ብቻ ነው።

"እኔ" አለች ጣውንቷ ዳቦ እየቆረሰችላት፣ "ያንን ወዳንቺ የሚነፍሰውን ነፋስ ስረግመው ነው የኖርኩት። ገና ሲጀምር መስኮት እዘጋ ነበር።"

"እኔ ደግሞ የዚያን ጊዜ እከፍት ነበር።"

"ይኸው! አንዳችን እየረገምን አንዳችን እየመረቅን፣ ነፋሱስ ማንን ይስማ?" ዳቦውን አቀበለቻት። "ግን ግማሽ ዓመት ሲኖር ይኖር ነበር። ጣሪያ ይጠግናል። ልጆቹን ይቆጣል። አሁን ጣሪያው ያፈሳል፤ ስነግረው 'ስመለስ' ይለኛል።"

"እኔንም 'መመለስ ቀላል ነው' ብሎኝ ነበር።"

እትዬ መርፌ እዚያ ቤት ሰነበተች። የጣውንቷን መጋረጃዎች ጠገነች፤ ከአሮጌ ሸራ ልባስ ሰፍታ የሚያፈሰውን ጣሪያ አብረው ከደኑት፤ ሁለት አሮጊት ጣሪያ ላይ ወጡ ተብሎ ሰፈሩ ሳቀ። "እርስዎ" ያለችው አፏ መቼ "አንቺ" እንዳለ ሁለቱም አላስተዋሉትም።

እሱ መጣ። በቀትር ነው፤ ልብሱን ሊለውጥ። ሁለቱን አንድ ላይ ተቀምጠው ሲያይ በሩን ይዞ ቆመ። ከስቷል፤ ማንከሱም ብሷል። ቅርንፉድም ሰምም አይሸትም፤ የሚሸተው የከሰል ጭስ ነው።

"ደህና ናችሁ?" አለ።

"እኛማ ደህና ነን" አለች ጣውንቷ። "ለመሆኑ አንተ የት ነው የምትኖረው?"

ተቀመጠ። ጺሙን ያዘ፤ ግን የሚያዳምጠው ነገር አልነበረም። "ሁለታችሁም ተከፍታችሁብኛል። አውቃለሁ። እኔ ግን አንዷን ልበድል ብዬ አላደረግሁትም። ድሮ ነፋሱ ነበር የሚያሳርፈኝ። 'ተቀመጥ' ይለኛል፣ እቀመጣለሁ። አሁን የሚያስቀምጠኝ የለም። አንዱን ጭነት ካሳለፍኩ የሚቀጥለውን ሌላ ሰው ይወስደዋል፤ ያለፈው ወር እንኳ ትኩሳት ይዞኝ መርከቡ ላይ ነው የተኛሁት። ራሴ ማረፍ አላውቅበትም። አልተማርኩትም።"

"እዚህ ቆይ" አለች እትዬ መርፌ። "እኔ ዘንድ አላልኩህም። እዚሁ ቆይ። እሷ ትጠብቅህ። ጣሪያው ተሠርቷል።"

አያት። ቀና ብሎ ጣሪያውንም አየ፤ ስፌቷን አወቀው። ከዚያ ከወደብ በኩል መርከብ ጮኸ፤ ሰውነቱ ከእሱ ቀድሞ ተነሣ። እንደተነሣ ሲያውቅ አፈረ፤ ግን አልተቀመጠም። ሁለቱንም ሳማቸው፤ ማንኛዋን ቀድሞ እንደሚስም ግራ ሲገባው እንደ ልጅ አሳዘናቸው። ልብሱን በጥድፊያ ለውጦ የቆሸሸውን ወለል ላይ ትቶ ሄደ።

ጣውንቷ ልብሱን አነሣችው። "እዚሁ ቅሪ" አለቻት ከዚያ በኋላ። "ክፍል ሞልቷል።"

እትዬ መርፌ አሰበችበት። ግን በባዕድ አገር በሰው ቤት፣ ሁለት ሆነው አንድ የማይመጣ ሰው ቢጠብቁ ጥበቃው በእጥፍ የሚከብድ መሰላት። "የራሴን ደጅ ሳላይ ብሞት ይቆጨኛል" አለቻት። ጣውንቷ እስከ ወደቡ ሸኘቻት፤ መርከቡ ሲርቅ ደህናዋ ዓይኗ እንኳ የማታየውን ያህል ርቀት እጇን ታወዛውዝ ነበር።

የራሷ ደጅ ግን ደጅ አልሆነላትም። ሽማግሌው ገማጅ እሷ ሳትኖር አርፈዋል። መንገዳቸው ላይ ልጆች ይጫወቱበታል። የቀሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ጥልቁ ወደብ ሄዱ፤ በመጨረሻ እሷም ቤቷን ቆልፋ ሄደች። እዚያ ከከሰሉ መጋዘን በስተጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ግድግዳው ላይ የእጅ ጣት ቢያስኬዱበት ጥቁር ይይዛል። ለመርከቦቹ የከሰል ጆንያ ትሰፋለች፣ የዕቃ መሸፈኛ ትጠግናለች። እትዬ መርፌ የሚላት አልነበረም። "ጆንያ ሰፊዋ" ይሏታል፤ የሚበዙት ደግሞ ምንም አይሏትም፤ ጆንያውን ወርውረው ይሄዳሉ። ሁሉም ሰው ቸኩሎ ነው። አንዳንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ይውልና አመሻሹ ላይ ከማንም ጋር አለመነጋገሯን ታስታውሳለች። በድሮው ከተማ በባዶው ወራት እንኳ እንዲህ አልነበረም።

ስንት ዓመት እንደሆነው እንጃ፣ ልብሱ በከሰል የጠቆረ ጎልማሳ በሯ ላይ ቆመ።

"የሸራዋ እናት እርስዎ ነዎት?"

ድምፁን ስትሰማ አወቀችው። የአባቱ ድምፅ ነው። የጣውንቷ የመጨረሻ ልጅ ነበር።

"ግባ ልጄ፣ ግባ! እናትህ እንዴት ናት?"

"ዓይኗ ሁለቱም እምቢ ብሏታል። ደህና ናት። ሰላም ብላዎታለች።" ካላራገፈው አመድ ጋር መቀመጥ አፍሮ እንደቆመ ቀረ። "እትዬ፣ አባቴ አርፏል። ላገኝዎት ብዬ ብዙ ጊዜ ሞከርኩ፤ መርከባችን እዚህ የቆመው ገና ዛሬ ነው።"

አልጮኸችም። እጇ ላይ የነበረውን መርፌ ጆንያው ላይ ሰካችው፤ እንዳይጠፋ። "የት?" አለች።

"መንገድ ላይ። ትኩሳት ነው። በመሃል ባሕር አንዲት ደሴት አለች፤ ከሰል የሚጫንባት። እዚያ አወረዱት፤ እዚያው ተቀበረ።"

"ምን ዓይነት አገር ነው?"

"አገር አይባልም፣ እትዬ። ጉድጓድ ውሃ እንኳ የለውም። በመንገዳችን መሃል ስለሆነ ነው የምንቆምበት። ሰው የለበትም፣ ከጫኞቹ በቀር።"

"ጥላስ? ዛፍ አለበት?"

"አንድም የለበትም። ድንጋይና ፀሐይ ነው።"

ይህ ነው ያስለቀሳት። ቅርንፉድ ፀሐይ አይችልም ነበር፤ ከገበያ ሲመለስ ግንባሩ ቀልቶ ምድር ቤቱ ውስጥ ይጋደም ነበር።

"ተመልሰህ በዚያ ታልፋለህ?"

"በዚህ ጉዞ እናልፋለን። ለከሰል ብቻ ነው የምንቆመው።"

"መቼ ትነሣላችሁ?"

"አሁን ከሰዓት።"

ከሳጥኗ ሥር ከድሮው ቤት ያመጣችው የሸራ ጨርቅ ነበራት፤ ጥሩው ዓይነት፣ ዛሬ የማይሠራ። ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነ ጫፉ ወደ መንገዱ ወጣ፤ ልጁ ሰው እንዳይረግጠው ደጅ ቆሞ ጠበቀላት። ለአንድ ሰው ቁመት የሚሆን አድርጋ ቆረጠችው፣ በየማዕዘኑ ገመድ የሚገባበት ዓይን አበጀችለት፤ ዓይኖቹን በወፍራም ክር ደጋግማ ዞረቻቸው፣ የሚወጥረው እነሱ ናቸውና። ከዚያ ጠርዙን መቀምቀም ጀመረች። አንዱን ጎን ጨረሰች። ሁለተኛውን ጀመረች። መርከቡ ጮኸ።

"እትዬ..." አለ ልጁ።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ! ትንሽ ቆይ።"

"አይጠብቀኝም እኮ።"

እንደገና ጮኸ። ክሩን በጥርሷ በጠሰችው፣ ጨርቁን ጠቅልላ እቅፉ ውስጥ ጣለችው። "አራት እንጨት ፈልግና መቃብሩ ላይ ወጥረው። ከራሱ በኩል ከፍ አድርገው። ገመዱን ሁለት ጊዜ እሰረው፣ ሰማህ? ሂድ፣ ሂድ እንዳይጥልህ!"

ልጁ ሮጠ። እሷም እስከ መድረኩ ድረስ ተከተለችው፤ ስትደርስ መርከቡ ተነሥቶ ነበር። ልጁን ከጥቁር ፊቶች መሃል መለየት አልቻለችም።

ያ መርከብ ከዚያ ወዲህ በዚያ ወደብ አልቆመም፤ ጥላው ይወጠር አይወጠር አላወቀችም። ወኪሉን ጠየቀችው፤ ስለ መቃብር የሚያውቀው ነገር የለም። ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ የነሣት ግን ሌላ ነገር ነው። የጠርዙ ነገር ነው። ሦስቱ ጎን ሳይቀመቀም ነው የሄደው። በዚያ ደሴት ላይ ከሁለቱም በኩል ይነፍሳል፤ ያልተቀመቀመ ሸራ ደግሞ ከጠርዙ ጀምሮ ክር ክር እያለ ይተለተላል። ሌላ የሚነግራት ሰው ስለሌላት ከመጋዘኑ ጆንያ ሊቀበሉ ለሚመጡት ከሰል ጫኞች ትነግራቸው ጀመር፤ ሁለት ቀን ብቻ ቢሰጧት ኖሮ አጥብቃ ትቀመቅመው እንደነበር። ከመካከላቸው ጆንያውን ተሸክሞ የቆመ አንዱ ያዳምጣታል፣ ራሱን ይነቀንቅላታል፤ ከዚያ ይሄዳል፤ እሷም ቀጣዩን ጆንያ ታነሣለች።